«ዲስ» በአማርኛ ሲነገር

በወጣቶች ኅብረታችን መካከል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተሞላቅቃ ተቀምጣለች፤ «ዲስ»። «ዲስ ተደረገ!» ሲባል ሁሉም ይስቃል። አሁን አሁንማ በመዝናኛ ምሽት ሁለት ልጆችን መድረክ ላይ አቁሞ ማን ማንን ዲስ እንደሚያደርግ ማወዳደር ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆኗል። ይህ መቅረት አለበት።

ቃሏ «ዲስሪስፔክት» ከሚለው የተቆረጠች ናት፤ ክብር መንፈግ ማለት ነው። ያስፋፏት የአሜሪካ ራፐሮች ናቸው፣ በተለይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.። በ1996 ቱፓክ ኖቶሪየስ ቢግን በዘፈን ዘለፈው፤ ቱፓክ በዚያው ዓመት፣ ቢግ በ1997 በጥይት ተገደሉ። ዘፈኑ ገደላቸው አልልም። «ጨዋታ ብቻ ነው» የሚለኝን ግን አላምነውም።

ቃል መዋሳችን አይደለም የሚከነክነኝ፤ «ማይክ»ም «ኪቦርድ»ም የእኛ አይደሉም። የሚከነክነኝ ቃሏ የምትሸፍነው ነገር ነው። እስቲ «ዲስ አደረገችው» በሉና በአማርኛ ድገሙት፦ «አዋረደችው»፣ «አንጓጠጠችው»። አሁን ማን ሳቀ? በአማርኛው የተጎዳ ሰው ይታያል፤ በ«ዲስ» ውስጥ የሚታየው አፈ ጮሌው ብቻ ነው።

ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ወንድምን መስደብን ያነሣው ስለ መግደል ሲያስተምር ነው። የግሪኩ ወንጌል «ራቃ» የሚለውን የአራማይክ ስድብ ሳይተረጉም እንዳለ አስቀምጦታል። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ጨርቃም» ብሎ በገዛ ቋንቋችን አፍርጦታል። ተርጓሚዎቹ በባዕድ ቃል እንድንሸሸግ አልፈቀዱልንም።

«ኤልያስስ አላፌዘም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አፊዟል፤ ያፌዘው ግን በበኣል ነው እንጂ አጠገቡ ቆሞ በሚዘምር ወንድሙ አይደለም።

ታላላቆቻችንም ይህን አንብባችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። የሒሳብ ሪፖርት የጠየቀ ወጣት ሁሉ «ደፋር» አይደለም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ፊት ለፊት ወቅሶታል፤ ሊያስቅበት ግን ተመልካች አልሰበሰበም።

ውድድሩን የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሚቀጥለው ምሽት ሲደርስ ለአሸናፊው ከማጨብጨባችሁ በፊት የተሸነፈውን ልጅ ፊት እዩ። ደግሞ በሳምንቱ መጥቶ እንደሆነ ፈልጉት።