ቀብድ ከመክፈል በፊት ፈቃዱ ይጣራ

በራቤልና በመንዝ አካባቢ ጠመንጃ የክብርና የአባት ውርስ ምልክት ነው። ምንሽርም ሆነ ክላሽ ሲሸጥ ግን መተማመንና የሽማግሌ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝንም ሆነ መገበያየትን በወንጀል የሚያስጠይቅ ያደርጋል። ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ሰው በስሙ ነው፤ የሻጭ ወረቀት ለገዢ ከለላ አይሆንም። መለያ ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ደግሞ ከግምጃ ቤት ተዘርፎ ይሁን ወይም ሰው ተገድሎበት፣ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ ፈቃዱንና ቁጥሩን ያመሳክር፤ በስሙ ሳይፈቀድለትም መሣሪያውን አይረከብ። ፖሊስም ሊያጣራ የመጣን ሰው እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን እንደ ሕግ አክባሪ ያስተናግድ። አለዚያ ሰዉ ድብቁን ገበያ ይመርጣል።