የሕፃናት አስም፦ ደም የሚናገረውና የማይናገረው

ልጅ በሌሊት ሲያስለው፣ ደረቱ ሲር ሲር ሲል ወላጅ ለሐኪም የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ አስም ነው? ተመራማሪዎች መልሱን ከደም ለማግኘት ለዓመታት ደክመዋል።

የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት መልእክት የሚቀበሉባቸው ሪሴፕተሮች አሏቸው። ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሲነቃቁ፣ ኢንተርሉኪን-2ን የሚቀበለው ሪሴፕተራቸው በከፊል ተቆርጦ ወደ ደም ይገባል። መጠኑ ከፍ ማለቱ ሰውነት እየተዋጋ መሆኑን ያሳያል፤ ከምን ጋር እንደሚዋጋ ግን አይናገርም። በኢንፌክሽንም ከፍ ይላልና አስምን ለብቻው ለመለየት አይበቃም።

ሪሴፕተሮቹ ይበልጥ የጠቀሙት በሕክምናው በኩል ነው። የኢንተርሉኪን-4ን ሪሴፕተር የሚዘጋው ዱፒሉማብ እአአ በ2021 በአሜሪካ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ተፈቅዷል። ቤንራሊዙማብ በበኩሉ ኢኦሲኖፊል በተባሉ ሕዋሳት ላይ ያለውን የኢንተርሉኪን-5 ሪሴፕተር ይይዛል። ሁለቱም በመርፌ የሚሰጡ፣ ዋጋቸውም እጅግ ውድ ነው። ሐኪሞች መድኃኒቱ ለማን እንደሚበጅ ሲወስኑ በደም ውስጥ ያለውን የኢኦሲኖፊል ብዛት ያያሉ።

በአፍሪካ ቀንድ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኢኦሲኖፊል በአንጀት ትላትልም ይጨምራል። ለአውሮፓ ልጅ የተበጀ መለኪያ ትላትል በበዛበት ወረዳ ያደገውን ልጅ በተሳሳተ መንገድ ሊመድበው ይችላል። ጅማ ውስጥ ተካሂዶ እአአ በ2001 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት እንዲያውም መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ዕድል አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። (ይህ ትሉን መድኃኒት አያደርገውም፤ የደም ማነስ ያመጣል።)

የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2019 አስም 262 ሚሊዮን ሰዎችን እንዳጠቃና 455 ሺህ እንደገደለ ይገምታል። አብዛኛው ሞት በድሃ አገራት ነው። ድርጅቱ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያካተታቸው ቡዴሶናይድና ቤክሎሜታዞን የተባሉ የሚሳቡ ስቴሮይዶች የአየር ቧንቧን ብግነት ያበርዳሉ። በቀጣናው በስፋት የሚገኘው ሳልቡታሞል ግን ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ብግነቱን አያጠፋም። በእኛ ግምት አስቸኳዩ ጉዳይ አዲስ የደም ምርመራ ሳይሆን ይህ ክፍተት ነው።

ርካሽ መፍትሔም አይጠፋም። በደቡብ አፍሪካ ተጠንቶ እአአ በ1999 የታተመ ሥራ፣ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ መድኃኒቱን ወደ ልጁ ሳንባ ለማድረስ ከፋብሪካው መሣሪያ እንደማያንስ አረጋግጧል።