ሽንኩርት በሚያዝያ ረክሶ በመስከረም የሚወደደው ለምንድን ነው?

ባሕር ዳር፦ ፋሲካና እንቁጣጣሽ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ዋዜማ በየቤቱ ሽንኩርት ይከተፋል። ድስቱ አንድ ነው፤ ወጡም አንድ ነው። ለሽንኩርቱ የሚከፈለው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ አንድ አይሆንም።

የልዩነቱ መነሻ በዘመን አቆጣጠራችን ውስጥ ይገኛል። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። ይህ ጊዜ በፎገራ ሜዳ፣ በቆጋ መስኖ እና በሌሎች የጣና ዙሪያ አካባቢዎች በበጋ የለማው ሽንኩርት ከማሳ የሚነሣበት ነው። በበዓሉ ሳምንት ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ ከኋላው ምርት አለ። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት ግን የመስኖው ምርት ተሽጦ ባለቀበት፣ ክረምቱ ገና በሚወጣበት፣ የቀጣዩ በጋ ችግኝ ባልተፈላበት ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም መባቻ በአዲስ አበባ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር በላይ መሸጡ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

በዚህ የዋጋ መዋዠቅ ሁለት ወገኖች ይጎዳሉ። አርሶ አደሩ በሚያዝያ የጉልበቱን ዋጋ እንኳ ሳያገኝ ይሸጣል፤ የከተማው ነዋሪ በመስከረም ከደመወዙ በላይ ይከፍላል። ሁለቱም ጥፋቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ ወደ ደላላው። ደላላው ድርሻ የለውም አይባልም። ነገር ግን ደላላው ጉልበት የሚያገኘው ምርቱ ሁሉ በአንድ ሰሞን ስለሚደርስና ደርሶም መቆየት ስለማይችል ነው። የዚህ ትንታኔ ትኩረትም እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ናቸው።

ሁሉም በአንድ ሰሞን

በፎገራ ያለው ልማድ የታወቀ ነው። በክረምት ሩዝ ይለማል፤ ሩዙ ከተነሣ በኋላ በርብና በጉማራ ወንዞች ውኃ፣ በሞተር ፓምፕ ታግዞ፣ ማሳው ወደ አትክልት ይዞራል። ችግኝ በጥቅምትና በኅዳር ይፈላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይተከላል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይነቀላል። የጎረቤት ቀበሌም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከወንዙ ማዶ ያለውም እንዲሁ። ራያ ቆቦን በመሰሉ ሌሎች የመስኖ አካባቢዎች የሚለማው የበጋ ሽንኩርት ሲጨመርበት ገበያው በጥቂት ሳምንታት ይጥለቀለቃል።

ለዚህ መመሳሰል በቂ ምክንያት አለ። ማሳው የሚለቀቀው ሩዙ ሲታጨድ ነው። የወንዙ ውኃም ከየካቲት በኋላ እየቀነሰ ስለሚሄድ ማንም ዘግይቶ ለመትከል አይደፍርም። ስለዚህ አርሶ አደሩ በየግሉ የሚወስነው ውሳኔ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የሁሉም ውሳኔ ሲደመር ሁሉንም ይጎዳል።

ሁለተኛው የመዋዠቅ ምክንያት ያለፈው ዓመት ዋጋ ነው። ሽንኩርት በተወደደ ማግስት ብዙ አርሶ አደር ወደ ሽንኩርት ይዞራል፤ ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል። በወደቀ ማግስት ብዙው ሽንኩርትን ይተዋል፤ ምርቱ ሲያንስ ዋጋው እንደገና ይሰቀላል። ያለፈውን ዋጋ ተከትሎ የሚተክል ሰው ብዙ ጊዜ ገበያው ላይ የሚደርሰው ዋጋው ካለፈ በኋላ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሦስተኛ ነገር ተጨምሯል። የበጋ መስኖ ስንዴ ልማት በመስፋፋቱ ቀድሞ ለአትክልት ይውል የነበረ ማሳ በከፊል ወደ ስንዴ ዞሯል። ለ7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ታስቦ የተገነባው የቆጋ መስኖም የስንዴ ማሳ ሆኖ ታይቷል። ስንዴ ለምግብ ዋስትና ያለው ጥቅም አያከራክርም፤ ይሁንና አንድ ካናል ስንዴንም ሽንኩርትንም በአንድ ጊዜ በበቂ አያጠጣም። የሰብል ዕቅድ ሲወጣ አትክልቱ የሚይዘው ድርሻ አብሮ ካልተሰላ ጉድለቱ በመስከረም ገበያ ላይ ይታያል።

የግብዓት ወጪም አለ። አብዛኛው የአትክልት ዘርና የተባይ መከላከያ ኬሚካል ከውጭ የሚገባ ነው። የውጭ ምንዛሪ ግብይት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ቀንሷል፤ ይህም የግብዓቱን ዋጋ ያንረዋል። ለፓምፕና ለጭነት መኪና የሚያስፈልገው ነዳጅ ሲጨመርበት፣ አርሶ አደሩ ትናንት ያተርፍበት የነበረ ዋጋ ዛሬ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል።

ቆይቶ መሸጥ ሁልጊዜ አያዋጣም

«ለምን እስኪወደድ አያቆዩትም?» የሚል ጥያቄ ከከተማ ነዋሪው ይሰማል። መልሱ በቀላል ስሌት ይገኛል። አንድ አርሶ አደር 100 ኩንታል ሽንኩርት ቢያመርትና በምርት ሰሞን አንድ ኪሎ በ20 ብር ቢሸጥ 200 ሺህ ብር ያገኛል። ለሦስት ወራት ቢያቆየውና ከመቶው ሠላሳው ቢበሰብስበት ወይም ቢደርቅበት የሚቀረው 70 ኩንታል ነው። ያንኑ 200 ሺህ ብር ለማግኘት አንዱን ኪሎ ከ28 ብር ከ50 ሣንቲም በላይ መሸጥ አለበት። ግማሹ ከተበላሸ ደግሞ 40 ብር ያስፈልገዋል። የመጋዘኑ፣ የለቀማው ጉልበትና የብድሩ ወለድ ገና አልተቆጠረም።

ስሌቱ ለማሳያ የቀረበ ቢሆንም የሚያስረዳው ነገር ግልጽ ነው፤ መቆየት የሚያዋጣው ብክነቱ ሲቀንስ ብቻ ነው። ብክነቱ የሚቀንሰው ደግሞ በመጋዘን ብቻ ሳይሆን ሽንኩርቱ ገና ማሳ ላይ እያለ በሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

በመጨረሻው ሰሞን የሚጨመር ዩሪያ ቅጠሉን ያለመልማል፤ የሽንኩርቱን አንገት ግን ያወፍራል። አንገቱ የወፈረ ሽንኩርት ቶሎ አይደርቅም፤ ብስባሹም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ከመነቀሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ውኃ ማቆም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል አንገቱ ላይ ታጥፎ እስኪተኛ መጠበቅ፣ ከተነቀለም በኋላ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አንገቱና ልጣጩ እስኪደርቅ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ሲቆረጥም ከራሱ ጋር ተላጭቶ ሳይሆን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አንገት ቀርቶለት መሆን አለበት።

ብዙ አርሶ አደር ይህንን ያውቃል። ችግሩ ማሳው ላይ የቆመው ነጋዴ በኪሎ የሚገዛ መሆኑ ነው። ውኃ የጠጣ ሽንኩርት ሚዛን ይደፋል፤ የደረቀው ይቀላል። ገዥው ለደረቀው የተለየ ዋጋ ካልከፈለ አርሶ አደሩ ክብደቱን ጥሎ ጥራቱን የሚያስቀድምበት ምክንያት የለውም። በዚህ የተነሣ ዛሬ በርጥቡ የተመዘነው ሽንኩርት ከሳምንት በኋላ በከተማ መደብ ላይ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውንም ዋጋ ሸማቹ በተረፈው ላይ ይከፍለዋል።

የዘር ምርጫም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቦምቤይ ሬድ የተባለው ዝርያ ቶሎ ስለሚደርስ በብዙ አካባቢ ይዘወተራል። ቶሎ መድረስና ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ግን የተለያዩ ጠባዮች ናቸው። ለማቆየት ያሰበ አርሶ አደር ዘር ከመግዛቱ በፊት የግብርና ባለሙያውን «የትኛው ይቆያል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የሽንኩርት ዘር የመብቀል ኃይሉን በአንድ ዓመት አካባቢ የሚያጣ በመሆኑ የታሸገበትን ቀን ማየትም የግድ ነው።

ቲማቲም በሳምንት ውስጥ

ሽንኩርት ወራትን ሲጠብቅ ቲማቲም ቀናትን እንኳ አይጠብቅም። የቲማቲም ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ወይም በግማሽ ሊወርድ የሚችለው ለዚህ ነው። በደረቁ ወራት፣ በ2004 ዓ.ም አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተረጋገጠው ቱታ አብሶሉታ የተባለ ተባይ ቅጠሉንም ፍሬውንም ያበላሻል። በክረምት ደግሞ በርጥበት የሚባባሱ የፈንገስ በሽታዎች ማሳውን ያጠፋሉ። በክረምት የሚያመርት ጥቂት ነው፤ የሚያመርተውም በብዙ ርጭትና በብዙ ወጪ ነው።

ጭነቱም የራሱን ይወስዳል። ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ታጭቆ፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ተደራርቦ፣ በኮረኮንች መንገድ ይጓዛል። አንድ ነጋዴ 40 ኪሎ የያዘ ሳጥን በኪሎ 30 ብር ሒሳብ በ1 ሺህ 200 ብር ገዝቶ አሥሩ ኪሎ ቢጨፈለቅበት፣ የቀረው 30 ኪሎ ትራንስፖርቱ ሳይጨመር በኪሎ 40 ብር አወጣበት ማለት ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም መኪና በኬላ ሲያድር ኪሳራው ከዚህም ይበልጣል። ፍሬው ገና መቅላት ሲጀምር መልቀምና በፕላስቲክ ሳጥን መጫን ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የአትክልት ፍላጎት እንደሚጨምር ሁሉም ያውቃል። ጾሙ ከበጋ መስኖ ምርት ጋር ስለሚገጥም ግን ገበያው ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። የሚከብደው በነሐሴ የሚጾመው ፍልሰታ ነው፤ ያኔ ፍላጎቱ አለ፣ ማሳው ግን በዝናብ ተይዟል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው የሚጀምረው ጊዜውን ከመበተን ነው። በአንድ የመስኖ ካናል የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች በማኅበራቸው ተስማምተው ተከላውን በሦስት ዙር፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ልዩነት ቢከፋፍሉት ምርቱ በአንድ ጊዜ አይጎርፍም። ውኃ ዘግይቶ የሚገኝባቸው ቦታዎች የመጨረሻውን ዙር ሊወስዱ ይችላሉ። ይህ አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የውኃ ተራን የሚያስከብር መተማመን ነው።

ማከማቻው ግዙፍ ቀዝቃዛ መጋዘን መሆን የለበትም። ከመሬት ከፍ ያለ የቀርከሃ ወይም የእንጨት መደብ፣ ነፋስ የሚያስገባ ግድግዳ፣ ዝናብና ፀሐይ የሚከላከል ክዳን ያለው ቤት በደንብ የደረቀን ሽንኩርት ለወራት ያቆያል። ሽንኩርቱ መከመር የለበትም፤ የተበላሸውም በየሳምንቱ መለቀም አለበት። አንድ አርሶ አደር ምርቱን ሁሉ ከሚያከማች ይልቅ ሢሶውን ቢያቆይ ለዕዳና ለቤት ወጪ የሚሆነውን በጊዜው ሸጦ፣ በቀረው ዕድሉን መሞከር ይችላል።

የሽያጩ መንገድም ሊታሰብበት ይገባል። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 አምራቹና ገዥው ከምርት በፊት እንዲዋዋሉ የሕግ መሠረት ጥሏል። ዩኒየኖች፣ የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ሆቴሎች ከመስኖ ማኅበራት ጋር ቢዋዋሉ፣ በውሉም ለደረቀና ለተለየ ሽንኩርት የተሻለ ዋጋ ቢያስቀምጡ፣ ጥራት ዋጋ የሚያገኝበት መንገድ ይከፈታል። በየከተማው የተጀመሩት የእሑድ ገበያዎችም አምራቹን በቀጥታ የሚያስገቡ ከሆነ ጥቅማቸው ይጎላል፤ ቦታውን ቸርቻሪ ብቻ ከያዘው ግን ገበያው ስሙን ብቻ ይለውጣል።

የከተማው ሸማችም ድርሻ አለው። በሚያዝያና በግንቦት ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ፣ አንገቱ ቀጭንና ደረቅ የሆነ ሽንኩርት መርጦ፣ ከፌስታል አውጥቶ፣ ከድንች ለይቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያስቀመጠ ቤተሰብ ክረምቱን በከፊል ይሻገራል። ለደረቀው ሽንኩርት ጥቂት ጨምሮ የሚከፍል ሸማች ደግሞ ለነጋዴው፣ በነጋዴውም በኩል ለአርሶ አደሩ መልእክት ያስተላልፋል።

መንግሥት ዋጋ ሲንር ነጋዴን ከመቆጣጠር ባሻገር ቀድሞ መናገር ይጠበቅበታል። በኅዳር በየወረዳው ምን ያህል መሬት በሽንኩርት እንደተሸፈነ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይመዘግባሉ። ይህ መረጃ ከሪፖርት አልፎ በሬዲዮ ለአርሶ አደሩ ቢደርስ፣ ገና ችግኝ ያልተከለው ሰው ማሳውን ከፍሎ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሽምብራ ለማድረግ ጊዜ ያገኛል። የመጪው መስከረም ዋጋ በመስከረም አይወሰንም። የሚወሰነው በኅዳር በችግኝ መደብ ላይ፣ በመጋቢትም ውኃው በሚቆምበት ቀን ነው።