ለስምንት ጆሮ አንድ መሸፈኛ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው፤ ትልቋ 16፣ ትንሹ 5 ዓመታቸው ነው። በአንድ ክረምት እሰፈራቸው ሁለት ቤት ተሰብሮ ሲዘረፍ፣ ባለቤታቸው ሕጉ የሚጠይቀውን ሥልጠና ወስደው፣ ፈቃድ አውጥተው ሽጉጥ ገዙ። ሽጉጡ መኝታ ቤት ባለች ትንሽ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። ካዝናዋ ላይ ደግሞ አሠልጣኙ "ይህንንም አብረው ያስቀምጡ" ያላቸው የጆሮ መሸፈኛ ተቀምጧል። ወይዘሮዋ ስለ ሽጉጡ አይጠይቁም፤ እሱን ከባለቤታቸው ጋር ተከራክረው ጨርሰዋል። ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦ "መሸፈኛው አንድ ነው፣ እኛ አራት ነን። ሌሊት ሌባ ቢገባ እሱ ጆሮውን ሸፍኖ ይተኩሳል። እኛስ?"

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነብ ቤተሰብ ነገሩ የሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታ ወይም ዳላስ እህት ወይም ወንድም ያለን ብዙ ነን። እዚያ ቤትን ለመጠበቅ ብሎ ሽጉጥ መግዛት በሕግ የተፈቀደ ነው። ከእኛም ሰዎች፣ በተለይ ሌሊት ሱቅና ነዳጅ ማደያ ውለው አድረው ከሚገቡት መካከል፣ ይህን የመረጡ አሉ። ሽጉጥ ቤት ይግባ አይግባ የሚለውን ለየቤተሰቡ እተወዋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ጆሮ ነው።

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ማዕድ ላይ የምናወራው ወሬ 60 አካባቢ፣ የሣር ማጨጃ ሞተር 90 አካባቢ፣ አጠገባችን የሚያልፍ አምቡላንስ ሳይረን 120 አካባቢ ይደርሳል። ይህ ቁጥር ግን እንደ ብር አይቆጠርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ያድጋል። ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ሲተኮስ ተኳሹ ጆሮ ላይ የሚደርሰው 160 ገደማ ነው። ከሳይረኑ በ40 ብቻ የሚበልጥ ይመስላል፤ በኃይል ሲሰላ ግን አሥር ሺህ እጥፍ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ፍንዳታ ለአዋቂ 140፣ ለልጅ 120 ላይ ወሰን አስምሯል። ከወሰኑ በላይ "ለስንት ደቂቃ ሰማሁት?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። አንዴ ሊበቃ ይችላል።

የሚጎዳው ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጆሮ ታምቡር ብቻ አይደለም። ታምቡር ቢቀደድ ብዙ ጊዜ ራሱ ይድናል። ከበስተኋላው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠማዘዘው ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ግን ድምፅን ወደ አንጎል የሚልኩ 15 ሺህ ገደማ ጸጉር መሰል ሴሎች አሉ። ይዘናቸው እንወለዳለን፤ ሲሞቱ ሌላ አይተካም። መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጭን ድምፆችን የሚይዙት ናቸው። ስለዚህ "ሰ"፣ "ሸ" እና "ፈ" እየተምታቱ ይመጣሉ፤ ሰውየው "ድምፃችሁ ይሰማኛል፣ የምትሉት ግን አይለይልኝም" ማለት ይጀምራል። ከዚያ ጋር የማያቋርጥ ጭውታ ይመጣል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚያገኙባቸው የጤና ጉዳቶች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ይኸው የጆሮ ጩኸት ነው። እኛም አገር በሠርጉም በለቅሶውም ጥይት ሲተኮስበት በኖረ አካባቢ ያደገ ሰው፣ ጮክ ብለው ካላናገሯቸው የማይሰሙ አባቶችን ያውቃል። ሁሉንም በእርጅና አሳበን አልፈናል።

ቤት ውስጥ ሲሆን ይብሳል። ሜዳ ላይ የተተኮሰ ድምፅ ተበትኖ ይሄዳል፤ መኝታ ቤት ወይም ኮሪደር ውስጥ ግን ግድግዳውና ጣሪያው መልሰው መላልሰው ይወረውሩታል። አፈሙዙ ወደ ፊት ስለሆነም ከተኳሹ ጎን ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ የቆመ ሰው ጆሮ ላይ የሚያርፈው ከራሱ ከተኳሹ ሊበልጥ ይችላል። እናትየዋ የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ሽጉጡ የተገዛላቸው ሰዎች ጆሮ ከገዛው ሰው ጆሮ ያነሰ ጥበቃ አግኝቷል።

"እንዲያ ባለ ጭንቅ ሰዓት ጥይቱም አይሰማህ" የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አለው። ጥይት የተኮሱ ፖሊሶች ድምፁን እንደ ቡሽ መከፈት ብቻ እንደሰሙት፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ እንዳልሰሙት ይናገራሉ። ያልሰማው አንጎላቸው ነው። ጆሯቸው ሙሉውን ተቀብሏል። መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ የምትኮማተር ትንሽ ጡንቻ አለች፤ ለመኮማተር ግን የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ሊፈጅባት ይችላል። የጥይቱ ድምፅ ያን ጊዜ አልፏል።

ወደ መሸፈኛው እንምጣ። ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ ውታፍ ነው። ሁለተኛው ጆሮን ከውጭ የሚሸፍነው ተራው ነው። ሦስተኛው መልኩ ከተራው ጋር አንድ ሆኖ ማይክሮፎን ያለው ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ይህኛው ቀስተኛውን ድምፅ አጉልቶ ያሰማል፣ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ይዘጋል። ዋጋው 50 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣበትም አለ። ለሌሊት ጉዳይ ባለቤትዎ ሊይዙት የሚገባው ይህን ብቻ ነው። ምክንያቱም ተራውን ያደረገ ሰው ኮቴ አይሰማም፣ የፖሊስ ትእዛዝ አይሰማም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለውኃ ተነስታ ኮሪደር ላይ "አባዬ፣ እኔ ነኝ" የምትል ልጁን አይሰማም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ባለችበት ቤት፣ በእኔ አስተያየት ከጆሮ ጉዳት በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። ኤሌክትሮኒኩም ቢሆን ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ያምታታል። ስለዚህ ማን እንደሆነ ዓይን በደንብ ሳያይና አፍ "ማነው?" ብሎ ሳይጠይቅ ጆሮ ብቻውን አይታመንም።

ይህን መሸፈኛ አደረግሁ ብሎ መዝናናትም የለም። ማሸጊያው ላይ "22" ወይም "23" የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ በዚያን ያህል ዴሲቤል ይቀንሳል ማለት ነው። ቁጥሩ የተለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በሥርዓት ተደርጎ ነው። የመነጽር ዘንግ፣ ወፍራም ሹሩባ ወይም ሻሽ በመካከል ከገባ ክፍተት ይፈጠርና ብዙው ጥቅም በዚያ በኩል ይወጣል። ቁጥሩን እንዳለ ብንቀበለው እንኳ ከ160 ላይ 23 ሲነሳ 137 ይቀራል፤ ከአዋቂው ወሰን በጥቂቱ ዝቅ፣ ከልጁ ወሰን በብዙ ከፍ ያለ። ጉዳቱን ይቀንሳል፤ አያጠፋውም።

ታዲያ "እኛስ?" ለሚለው መልሱ የሚገኘው በመሸፈኛው ብዛት ሳይሆን በሌሊቱ አሠራር ላይ ነው። ሌባ ገባ ብሎ ሽጉጥ ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር ለፊልም ይመቻል። ለቤተሰብ የሚሻለው ሁሉም ወደ አንድ ክፍል ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ 911 ደውሎ እዚያው መጠበቅ ነው። ሌባው ቴሌቪዥኑን ይዞ ቢሄድ ይሂድ። ልጆቹ የሚሰበሰቡት በማን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ስልኩን የሚይዘው ማን እንደሆነ ቀን በብርሃን ይወሰን፤ አንዴም በእግር ተሂዶ ይሞከር። ትልቋ ልጅ ይህን ማወቅ አለባት፤ ትንሹ "ሲጠሩህ ሩጠህ ና" የሚለው ብቻ ይበቃዋል።

ሁሉም አንድ ክፍል ገብተው በሩ ከተቆለፈ በኋላ የምትገኝ ጥቂት ጊዜ አለች። መሸፈኛ የሚደረገው ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አራት መሸፈኛ እዚያው ክፍል አንድ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ደግ ነው። የልጅ ልክ ያለው ይሸጣል። ትንሹ ልጅ ሌሊት በድንጋጤ ሲያደርጉለት አውልቆ እንዳይጥለው፣ ሐምሌ አራት ርችት ሲተኮስ ያድርገውና ይልመደው፤ ለርችቱም ያስፈልገዋል። ልጆቹ ከባለ ሽጉጡ ኋላ፣ ከአልጋ ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። ስልክ የያዘው ሰው ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ያውራ፤ ጆሮውን ሸፍኖ 911 ማነጋገር አይቻልም። በድንጋጤ እንግሊዝኛው ቢጠፋባችሁ "አምሃሪክ" ማለት ብቻ በብዙ ቦታ አስተርጓሚ ያስገናኛል፤ አድራሻውን ግን በእንግሊዝኛ መናገር ቀድማችሁ ልመዱ። ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለና ሽጉጡ በማን እጅ እንደሆነ ንገሯቸው። ፖሊስ ሲደርስ ሽጉጡ ይቀመጥ፣ መሸፈኛው ይውለቅ፣ እጅ ባዶ ሆኖ ይታይ።

ጊዜ ካልተገኘስ? መሸፈኛው ይቅር። በር እየተሰበረ መሳቢያ የሚፈትሽ ሰው አያስፈልግም፤ ልጅ ሳይሰበሰብ መሸፈኛ የሚያጠልቅ አባትም እንዲሁ።

ሱቁ ውስጥ "ሳይለንሰር ግዛበት" ያሏቸው እንደሆነ፣ ስሙ ያታልላል። ድምፁን ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል እንጂ ዝም አያሰኘውም፤ ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መመዝገብ ያለበት ዕቃ ነው፤ ጭራሽ የከለከሉ ግዛቶችም አሉ። ሽጉጡንም ስለሚያረዝመው ያች ትንሽ ካዝና ላትችለው ትችላለች። ካዝናዋ ደግሞ ለድርድር አትቀርብም። በሜሪላንድ ከጥቅምት 2023 ወዲህ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ መተው ያስጠይቃል፤ ሁለቱም ልጆችዎ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

እስካሁን ያወራሁት ምናልባት ፈጽሞ ስለማይመጣ ሌሊት ነው። የባለቤትዎ ጆሮ በእርግጠኝነት የሚጋለጠው ግን ልምምድ ላይ ነው። አንድ ቀን የተኩስ መለማመጃ ገብቶ 50 ወይም 100 ጥይት የሚተኩስ ሰው ብዙ ነው፤ ብዙ መለማመጃ ደግሞ ጣሪያና ግድግዳ ያለው አዳራሽ ሲሆን፣ ጎረቤቱ መደብ ላይ ጠመንጃ የሚተኩስ ሊኖር ይችላል። እዚያ ሁለቱንም ማድረግ ነው፦ ስፖንጁን ከውስጥ፣ መሸፈኛውን ከላይ። ሁለቱ ተደምረው ቁጥራቸው አይደመርም፤ ከጠንካራው ላይ 5 ዴሲቤል ያህል ይጨምራሉ፤ ያም ብዙ ነው። ስፖንጁ በጣት ተጠቅልሎ ይቀጥናል፣ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከገባ በኋላ እስኪያብጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይያዛል። ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሎ የሚታይ ከሆነ አልገባም። ጥጥ፣ ሶፍትና የሙዚቃ ማዳመጫ መከላከያ አይደሉም። "እኔ ጨርሻለሁ" ብሎ አዳራሹ ውስጥ ማውለቅም የለም፤ ሌላው አልጨረሰም። ነፍሰ ጡር ሴት ወደዚያ ባትሄድ ይሻላል፤ መሸፈኛው የእሷን ጆሮ እንጂ የማህፀኑን አይሸፍንም፣ የጥይቱ እርሳስም በአየሩ ውስጥ አለ። ለዚሁ እርሳስ ሲባል አባትየው ከልምምድ ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡና ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ትንሹን ባያቅፉ።

ከተኩስ በኋላ ጆሮ ጭው ካለ፣ ከደነዘዘ ወይም በጥጥ የተደፈነ ከመሰለ "ነገ ይተወኛል" እያሉ ሳምንት አይጠበቅም። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በድንገት ለጠፋ መስማት የሚሰጡ መድኃኒቶች የሚጠቅሙት በቶሎ ሲጀመሩ ነው፤ ሳምንታት ካለፉ ዕድሉ ይጠባል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን "ጆሮዬ ጮኸ" ብሎ ላይነግራችሁ ይችላል። ቴሌቪዥን ማስጮህ ከጀመረ፣ "ምን?" ካበዛ ወይም ሲጠሩት አንዱን ጆሮ ብቻ ወደ እናንተ የሚያዞር ከሆነ እሱም ይታይ።

ባለቤትዎ ደግሞ ቀጣዩን ልምምድ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ የመስማት ምርመራ ያድርጉ። የዛሬው ውጤት ወረቀት ላይ ካለ ከዓመት በኋላ የሚታየው ለውጥ ይታወቃል። የመሸፈኛዎቹን ባትሪ፣ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ሲቀየር የጭስ ጠቋሚውን ባትሪ ሲያዩ አብረው ይዩት።