ድንጋዩን ብንጠይቀው ኢማናችን አይጎድልም



ሰሞኑን ከዙህር ሰላት በኋላ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈተና ላይ የምድር ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ነው ብዬ ብጽፍ ኢማኔን ይነካብኛል?» አለኝ። «አይነካብህም» አልኩት። ምክንያቴን ግን ለሁላችንም ልጻፈው።

መጀመሪያ እንዲህ ያለ ቁጥር ከየት ይመጣል? ከዲላ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ፣ ሻሸመኔን አልፈን በስተግራ የሻላ ሐይቅ አለ። ሐይቁ የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ አመዱ እስከ ኦሞ ሸለቆ ደርሷል። በ1967 እ.ኤ.አ. ኦሞ ኪቢሽ ላይ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካልም የነበረው ከዚያ አመድ ንብርብር በታች ነው።

በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ፣ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን እዚያው ይታሰራል። የታሰረውን የለካ፣ ድንጋዩ ከቀዘቀዘ ስንት ዘመን እንደሆነው ያሰላል። የኪቢሹ አመድ ለዚህ ልኬት በጣም የላመ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች በኬሚካዊ ይዘቱ ከሻላው ጋር አመሳክረው የሻላውን ለኩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት 233,000 ዓመት ገደማ ነው። ከሥሩ ያለው አጥንት እንግዲህ ከዚያ ይበልጣል። የምድርም ዕድሜ የታወቀው በተመሳሳይ መንገድ፣ ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ዩራኒየም ወደ እርሳስ የተለወጠበትን መጠን በመለካት ነው።

«ቀድሞ 195,000 ሲሉ አልነበር? ነገ ደግሞ ይለውጡታል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ተለውጧል። የተለወጠው ግን የተሻለ ማስረጃ ስለተገኘ ነው። ስህተቱን የሚያርም ዕውቀት ይበልጥ ሊታመን እንጂ ሊናቅ አይገባም።

ቁርኣን የምድርን ዕድሜ በዓመት ቆጥሮ አልነገረንም። በሱረቱል ዐንከቡት ግን በምድር ላይ ተጉዘን የፍጥረትን አጀማመር እንድናስተውል ታዘናል። አል-ቢሩኒ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሕንድን ሜዳ ሲመለከት፣ ድንጋዮቹ ከተራራው በራቁ ቁጥር እየደቀቁ መሄዳቸውን አይቶ፣ ቦታው ጥንት ባሕር እንደነበረና ወንዞች በደለል እንደሞሉት ጽፏል። ይህን ማለቱ ከእስልምና አላወጣውም።

የአባታችን አደም (ዐ.ሰ) አፈጣጠር ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ እሱን ዑለሞቻችንን እንጠይቅ። የድንጋይን ዕድሜ ግን ድንጋዩን ለሚያጠኑት እንተው። እኔን የሚያስፈራኝ ቁጥሩ ሳይሆን፣ ለፈተና ሸምድደን በልባችን ሌላ ይዘን መውጣታችን ነው። ጥያቄ ያለው በሹክሹክታ ሳይሆን በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።