አብርሃ ጅራን ፈልጌ አጣኋት

"አገርህ የት ነው?" ስባል "አብርሃ ጅራ" እላለሁ። "እሱ ደግሞ የት ነው?" መከተሉ አይቀርም። የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በሱዳን ድንበር በኩል ያለች የሰሊጥ አገር ናት እላለሁ። ሰው ባያውቃት አይገርመኝም። የገረመኝ ኮምፒውተሩም አለማወቁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ አጎቴ ደወለ። "አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ነው የምትማረው አሉኝ። ሰሊጡን ትል ፈጀብኝ፤ እስቲ ከዚያ ፈልግልኝ" አለኝ። ላብራቶሪ ገብቼ "የሰሊጥ ትል" ብዬ ጻፍኩ። ለእሱ የሚሆን ነገር በአማርኛ አጣሁ። በእንግሊዝኛ ስጽፍ ግን ጥናቱ ጎረፈ፤ ከነዚህም ሁመራና መተማ ላይ የተሠሩ አሉ። በእኛው ማሳ የተገኘ እውቀት የእኛን ገበሬ ቃል አያውቀውም ማለት ነው። እኔም አንብቤ፣ ተርጉሜ እስክነግረው ትሉ ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሰርች ኢንጂን የምንለው የፍለጋ ሞተር ጥያቄ ስንጽፍለት ያን ጊዜ ተነስቶ ዓለምን አይዞርም። ሥራው ሦስት ነው። አስቀድሞ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተሻገረ ገጾችን ይሰበስባል። ቀጥሎ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደምናየው የቃላት ማውጫ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ ይመዘግባል። በመጨረሻ ስንጠይቀው ከማውጫው አውጥቶ በደረጃ ይደረድራል። ማውጫው ውስጥ ያልገባ ነገር አንደኛም መቶኛም ሊወጣ አይችልም።

አማርኛ እዚህ ላይ ይቸገራል። ለጆሯችን ሀ፣ ሃ እና ሐ አንድ ናቸው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ግን 1200፣ 1203 እና 1210 የሚል የተለያየ መለያ አላቸው። አንዱ "አብርሃ ጅራ"፣ ሌላው "አብርሀ ጅራ"፣ ሦስተኛው አጋጥሞ "አብርሃጅራ" ብሎ ሲጽፍ ሞተሩ ሦስት አገር ሊመስለው ይችላል። ቃሎቻችንም ተለጣፊ ይወዳሉ፦ ሰሊጥ፣ የሰሊጥ፣ ሰሊጡን፣ ለሰሊጣችን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ለብዙ ዓመታትም በኋላ በየራሱ ፎንት የተጻፈው አማርኛ ለማሽኑ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ነበር። ዛሬም ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን፤ ሰው ያነበዋል፣ ማውጫው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል።

ደረጃውስ? ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሐሳብ ከእኛ አገር ዋስ ጋር ይመሳሰላል። ለሰሊጥ አረም ገንዘብ ልትበደር ስትሄድ አበዳሪው "ዋስ አምጣ" ይላል። የዋሱን ብዛት ብቻ አያይም፤ ዋሱ ራሱ የታመነ ነው ወይ? ይላል። ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክት ሊንክም እንደ ዋስ ይቆጠራል፤ የተከበረ ገጽ ሲዋስ ደግሞ ሚዛኑ ይከብዳል። ዛሬ ሌሎች ብዙ መመዘኛዎች ቢጨመሩም ይህ አልቀረም። መተማ አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1889 የወደቁባት ስለሆነች የታሪክ ጸሐፊው ሁሉ ዋሷ ነው። አብርሃ ጅራ ግን ዋስ የላትም። ሰሊጣችን እንኳ ገበያ ሲወጣ "ሁመራ" ወይም "ጎንደር" ተብሎ ነው የሚታወቀው።

አንዳንድ ጓደኞቼ "ጥፋቱ የጎግል ነው" ይላሉ። እውነት አለው፤ ለአማርኛ የተሰጠው ትኩረት ለእንግሊዝኛ ከተሰጠው ጋር አይወዳደርም። ሌሎች ደግሞ "ዘዴ አለው፣ አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ደጋግመህ ጻፈው" ይላሉ። ይሄ ድሮ ሠርቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 የወጡት ፓንዳና ፔንግዊን የተባሉት የጎግል ማሻሻያዎች ግን ባዶ ገጽንና የውሸት ሊንክን ወደ ታች ወርውረዋል። ጎግል ከ2019 ጀምሮ በርት በተባለ ዘዴ የቃሉን ትርጉም ጭምር ለመገመት ይሞክራል። ግን ምን ዋጋ አለው? ያልተጻፈን መገመት አይቻልም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ስለ ደረጃ ከመጨነቃችን በፊት እንጻፍ ነው። የመመረቂያ ሥራችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረው። በፎቶ ሳይሆን በዩኒኮድ ጽሑፍ ይውጣ። ርዕሱ ገበሬው በሚጠይቅበት ቃል ይሁን፤ የሳይንስ ስሙ ከሥር ይከተል። የቦታ ስም ስንጽፍ አንዱን አጻጻፍ መርጠን እንጽና፣ ሌሎቹንም አንድ ጊዜ እንጥቀስ። አንዳችን የሌላችንን ጥሩ ሥራ በሊንክ እንጠቁም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለድረ ገጽም ይሠራል። መምህሮቻችንም ይህን እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ ውጤት ቢቆጥሩልን ደስ ይለናል።

እኔ በአጎቴ ጥያቄ ጀምሬአለሁ። "የሰሊጥ ትል" የሚል አንድ ገጽ ጽፌ የግብርና ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ እያረመልኝ ነው። ለዘንድሮው አልደረሰም። የሚቀጥለው ክረምት ላይ ሌላ የአብርሃ ጅራ ልጅ ሲፈልግ ግን ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነው።