ቁልፉ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ስናስተምር ሰንብተናል። በኮምፒውተር ክፍሉ ያየነው ዝም የሚያሰኝ አልሆነምና ለጓደኞቻችን ልናካፍለው ወደድን።

ከኮምፒውተሮቹ ግማሾቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ማንም ተማሪ በአድሚኒስትሬተር ስም ገብቶ ያሻውን ይጭናል፤ ያልወደደውን ያጠፋል። አንዱ በፍላሽ ያመጣው ቫይረስ የሌላውን የወር ድካም ይዞበት ይሄዳል። በቀሩት ላይ ደግሞ ምንም መጫን አይቻልም፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት መምህር ተዛውረዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የፕሮግራም ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር ይገለብጣሉ!

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ የብዙ ተቋማት ንብረት እንደተዘረፈና እንደተሰባበረ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ በስንት ድካም የተገኘ ዕቃ በአያያዝ ጉድለት ከጥቅም ውጭ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ታዲያ ኮምፒውተር በወጉ ያልነካ ተማሪ ከሌላው ጋር እኩል ተወዳደረ ማለት ይቻላልን?

ሁሉን መቆለፍ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት ታድሎ ነበር። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና የፕሮጀክቱ ባልደረባቸው በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ ሕፃናቱ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው፣ እንዳይለወጥ የተቆለፈውንም ገጽ እንደየፍላጎታቸው ለውጠው ተገኙ። ምክንያቱ ያልተነገረ ቁልፍ ልጅን አያቆመውም።

መፍትሔው ከዕድራችን የራቀ አይደለም። የዕድር ዕቃ ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ቢሆንም ንብረቱ የአባላቱ ነው፤ ያዡም ሲለቅ አስረክቦ ይሄዳል። እንዲሁም ተማሪ ሁሉ በተራ ተጠቃሚ አካውንት ይግባ፤ በእርሱ ሥራውን ይሠራል እንጂ የሁሉንም ማሽን አያበላሽም። የአድሚኒስትሬተሩን የይለፍ ቃል ሁለት መምህራን ይያዙት፤ ቅጂው በታሸገ ፖስታ በርእሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጥ፤ ያዡ ሲዛወር ወዲያው ይለወጥ። ሶፍትዌር የሚፈልግ ተማሪ በመዝገብ ይጠይቅ፤ ቢከለከልም ምክንያቱ ይጻፍለት። እንደ ሊብሬኦፊስ ያለ ሶፍትዌር በነፃ ስለሚገኝ ገንዘብ የለም ማለት ሰበብ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ መዝገብ፣ አንድ ፖስታና ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ነው። እኛ በሕዝብ ገንዘብ የምንማር ነን። በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን ለተማርንበት ትምህርት ቤት ጥቂት ቀን ብንሰጥ፣ ዕዳችንን ባንጨርሰው እንኳ መክፈል እንጀምራለን።